የላይኛው ግፊት

የሕንፃ ሥራው ሳይት ላይ «ላይኛው» ነው የሚሉት። እናት አባቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ተቀምጦ ቀረ። ከመሬት ሃምሳ ሁለት ሜትር ከፍ ብላ በተሰቀለች የክሬን ጋቢና ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዋለ ሰው ታዲያ ሌላ ምን ይባል? አናጺዎቹ ብረት ሲዘገይባቸው «ላይኛው ያውቃል፣ እኛ ምን እናውቃለን» እያሉ ያላግጣሉ። እሱም ይስቃል እንጂ አይከፋውም። እንዲያውም ይወደዋል፤ ይሄ ነው ጣጣው።

አንድ ኩራት ነበረው። ጠዋት ከወጣ እስከ ምሳ አይወርድም። ክሬን ሲቆም ሳይቱ ሁሉ ይቆማል፤ ፌሮ የሚጠብቀው ቁጭ፣ ኮንክሪት የሚጠብቀው ቁጭ፣ ፎርማኑ ወደ ላይ አንጋጦ እርግማን። ያንን መሰላል ወርዶ ተመልሶ መውጣት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በሬዲዮ መገናኛው «ልውረድ» ማለት በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ላይኛው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህቺን ቃል አንድም ቀን ተናግሯት አያውቅም።

ጠርሙስ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! የማዶው ክሬን ነጂ አንድ ቀን አጣዳፊ ነገር ይዞት በጠርሙስ ተገላገለ። ጋቢና ማለት ዙሪያዋ መስታወት ናትና ከፊት ለፊቱ ሕንፃ አንዲት ጸሐፊ በመስኮት አየችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውዬው «ጀሪካን» ሆኖ ቀረ። ልጁን ሲድር እንኳ «የጀሪካን ልጅ ሠርግ» ነው የተባለው። ላይኛው ይህን አይቶ «እኔስ እንዲህ ከምዋረድ ፊኛዬ ይፈንዳ!» ብሎ ማለ። ከምሽት ጀምሮ እስከ ምሳ ሰዓት ውሃ በአፉ አይዞርም።

እንግዲህ በዚህ ሰው ላይ ነው ደም ብዛት የመጣበት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ግን ዋዛ አይደለችም። የመጀመሪያ ቀን ስትለካው መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ሆነባት። ሁለት ዓይነት ክኒን ጻፈችለትና «አንደኛው ሽንት ሊያመላልስዎ ይችላል። ሥራዎ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው፣ ዶክተር።»

ውሸት ነው እንዴ? አይደለም! ወንበሩ የት እንደሚገኝ ግን እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አልተናገረ። ካርዱ ላይ «የቢሮ ሥራ» ብላ ጻፈች።

ክኒኑን ሁለት ቀን ዋጠው። በሦስተኛው ቀን እዚያ ላይ ሆኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ያኔ በቃኝ አለ። ከሁለቱ ክኒኖች ሽንት የሚያመጣው የትኛው እንደሆነ አላወቀም፤ መጠየቅ ደግሞ አፈረ። ስለዚህ ሁለቱንም ተወ። አቤት ብልጠት!

ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ክኒኖቹን በመዳፏ፣ ውሃውን በብርጭቆ ይዛ ፊቱ ትቆማለች። እሱ ክኒኖቹን አፉ ውስጥ ይጨምራል፣ ውሃውን ከንፈሩን ያስነካል፣ ጫማዬን ልሰር ብሎ ጎንበስ ይላል። ከምላሱ ሥር ወደ መዳፉ፣ ከመዳፉ ወደ ኪሱ። ጋቢናው ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለው፤ የሚጠራቀሙት እዚያ ነው። መድኃኒት መጣል ግፍ መሰለው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሚስቱን ማታለል ግን ግፍ አልመሰለውም።

በየወሩ ቀጠሮው ይሄዳል፤ ሐኪሟ ትለካለች፤ ግፊቱ ንቅንቅ አይልም። መጠኑን አሳደገች። እንደገና አሳደገች። ሦስተኛ ዓይነት ጨመረች። ሰባት ወር እንዲህ ሆነ። «በትክክል ይወስዳሉ?» ስትለው «አንዲት ቀን አልዘለልኩም» ይላል። እውነቱን ነው፤ አንዲት ቀን ሳይዘል አልወሰደም።

በዚህ መሐል የሳይቱ የደኅንነት ኃላፊ መጣ። ይሄ ሰውዬ ሰላምታ አያውቅም፤ ሰው ባየ ቁጥር «ኮፍያህስ?» ነው የሚለው፤ ስሙም «ኮፍያህስ» ሆኗል። የዚያን ቀን ግን ስለ ኮፍያ አላነሣም። «ደም ብዛት ያለበት ክሬን ነጂ፣ ግፊቱ በመድኃኒት መስተካከሉን ሐኪም ፈርሞ እስከ ዓርብ ያምጣ። ያላመጣ ቅዳሜ መሰላሉን አይነካም» አለ።

ላይኛው ልቡ ስንጥቅ አለ። መሬት ላይ ምን ሊሠራ ነው? ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ፣ መሬት ላይ ማን ብለው ሊጠሩት ነው?

ማክሰኞ ሐኪሟ ዘንድ ሮጦ፣ ስለ ክሬን ሳያነሣ «መሥሪያ ቤት ጠይቆኝ ነው» ብሎ የሥራ ማረጋገጫ ወረቀት እንድትፈርምለት ለመናት። እሷ ግን አልፈርምም አለች። «ይሄን ሁሉ መድኃኒት እየወሰዱ ግፊትዎ ካልወረደ፣ ወይ መጠኑ አንሷል፣ ወይ እኔን ሲያዩ ብቻ ነው የሚወጣው። አራተኛ መድኃኒት ከመጨመሬ በፊት ሃያ አራት ሰዓት በመሣሪያ ልይዎ።» በግራ ክንዱ ላይ መለኪያውን ጠቀለለች፣ ቱቦውን በአንገቱ አዙራ ወገቡ ላይ ካለች ትንሽ ሣጥን ጋር አገናኘች። በየግማሽ ሰዓቱ ራሱ ይነፋል፣ ራሱ ይለካል፣ ራሱ ይመዘግባል። «ሲጨብጥዎ እጅዎን ዘርግተው ዝም ይበሉ። የተለመደ ቀንዎን ይዋሉ። መድኃኒትዎንም እንደ ወትሮው ይውሰዱ።»

እንደ ወትሮው! ምስኪን፣ ምን እንዳለች ብታውቅ።

ቤቱ ገብቶ የሣጥኗን መስኮት ቢያይ መቶ ሰባ ስድስት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መቶ ሰማንያ አንድ። ባለቤቱ በትከሻው ላይ አሻግራ አየችና «ምነው ይሄ ነገር?» አለች።

«አዲስ ስለሆነ ነው። እስኪለምደኝ ነው።»

«መሣሪያው ነው አንተን የሚለምደው?» ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

ሸሚዙን ወደ ታች ስቦ ሣጥኗን ሸፈናት። ይሄ ሁሉ ቁጥር ነገ ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ወንበሩ አበቃለት ማለት ነው። እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም፤ መሣሪያዋ ክንዱን በጨበጠችው ቁጥር የተያዘ ሌባ ይመስል ይደነግጣል። ሊነጋ ሲል አንድ ሐሳብ መጣለት። ቀኑ በሙሉ ገና ከፊቱ ነው፤ ነገሩን ማሳመር ይቻላል!

ጠዋት ባለቤቱ የሰጠችውን ሦስት ክኒን ከምሩ ዋጠ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ትናንት ኪሱ ውስጥ የቀሩትን ሦስቱን ደገመ። የሁለት ቀን መድኃኒት፣ ያውም ለሰባት ወር እያደገ የመጣ መጠን፣ ከትናንት ምሽት ጀምሮ ውሃ ባልደረሰበት ሆድ ውስጥ ገባ። «ለመጠባበቂያ» አለ ለራሱ። ጉድ እኮ ነው!

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሰላሉን ወጣ። ኮፍያህስ ከሥር ቆሞ ኮፍያውን አይቶ አሳለፈው፤ ቱቦዋን ቱታው ሸፍኗታል።

ከታች ሆኖ ጭነት የሚጠቁምለት የባለቤቱ ታናሽ ወንድም ነው። ላይኛው ራሱ ነው ሥራውን ያስለመደው። መገናኛውን ከአፉ አያርቅም፤ ሥራ ቢኖር ባይኖር ያወራል፤ «ሬዲዮ» ይሉታል። «ግራ፣ ግራ፣ ትንሽ ግራ፣ ጋሼ፣ እትዬ ዛሬ ምን ቋጠረችልህ፣ ቁም!» እያለ ነው የሚያስጭነው።

ሁለት ሰዓት ላይ መሣሪያዋ ጨበጠችው፤ መቶ አምሳ ስምንት። ሁለት ተኩል ላይ መቶ አርባ አንድ። ሦስት ሰዓት ላይ መቶ ሃያ ሰባት ስታሳየው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። «ተባረኪ!» ብሎ ሣጥኗን መታ መታ አደረጋት። ወረቀቱ ተፈርሞ፣ ማኅተሙ አርፎበት ታየው።

ሦስት ተኩል ላይ መቶ አሥራ ሁለት። አዛጋ። ፊኛው እንደ ድንጋይ ከብዶታል፤ ጥርሱን ነከሰ።

አራት ሰዓት ላይ ዘጠና ስድስት። ይሄኔ ደስታው ቀዝቀዝ አለ። አፉ ደርቋል፣ የጣቶቹ ጫፍ በርዷል፣ ማዶ ያለው ሕንፃ መስኮቶቹ አንዴ ይደምቃሉ፣ አንዴ ይደበዝዛሉ። «ረኃብ ነው» አለ። ሰው ራሱን ለማታለል ሲፈልግ ምክንያት አያጣም።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ሁለት ቶን ፌሮ መንጠቆው ላይ ታስሮ ተነሣ። የሚያርፈው ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ነው። ሬዲዮና ስድስት ፌሮ አሳሪዎች እዚያ ቆመው ይጠብቃሉ። ሕጉ ከጭነት ሥር አትቁም ነው፤ ፎቁ ግን ጠባብ፣ ግማሹ በእንጨት ድጋፍ የተያዘ። ዞር በሉ ቢባሉም ዞር የሚሉበት ጥግ ራሱ ከጭነቱ ሥር ነው።

ጭነቱ ከፎቁ ወለል ላይ ለማረፍ ስድስት ሜትር ያህል ሲቀረው የላይኛው ጆሮ ጮኸ። ከዚያ የዓይኑ ዳርና ዳር ጠቆረ፤ ፌሮው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚታየው ይመስል ራቀበት።

በክሬን ሙያ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የመቆጣጠሪያ ዘንጉን ከለቀቁት ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል። ችግሩ፣ ሰው ራሱን ሲስት ወደ ፊት ነው የሚደፋው። በቀኝ እጁ የያዘው ዘንግ ወደ ፊት ሲገፋ ደግሞ ጭነቱ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ውረድ፣ ውረድ፣ ቀስ» ይላል ሬዲዮ።

ይለቅ? ለቅቆ «አልቻልኩም» ይበል? ኮፍያህስ መገናኛው ላይ እየሰማ ነው። አንድ ቃል ከወጣችው ወረቀቱም፣ ወንበሩም አለቀ። ይህን ብቻ ላስቀምጥ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ አርፋለሁ።

በዚህ ሰዓት መሣሪያዋ ግራ ክንዱን ጨበጠችው። እጁ ደነዘዘ። አንገቱ ዘመመ፣ ደረቱ ቀኝ እጁ ላይ ተጫነ፣ ዘንጉ ወደ ፊት ሄደ።

ሁለት ቶን ብረት በአንዴ አራት ሜትር ወረደ።

ከታች ጩኸት ተሰማ። «ቁም! ቁም! ጋሼ፣ ቁም!» ያ ድምፅ ነው ወደ ራሱ የመለሰው። እንዴት ቀና እንዳለ አያውቅም፤ ብቻ ሁለቱንም እጆቹን ከዘንጎቹ አንሥቶ አየር ላይ ያዛቸው። ፌሮው ተወዛወዘና ቆመ። ቁልቁል ቢያይ አንዱ ሠራተኛ በደረቱ ተኝቷል፣ ሌሎቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ሬዲዮ ከጭነቱ ሥር ተንበርክኮ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ብረቱን ይነካዋል።

ላይኛው መገናኛውን ተጫነ።

«ከሥሩ ውጡ። በደረጃው ሂዱ፣ ሁላችሁም። እኔ... ልውረድ።»

ሬዲዮ ሰዎቹን እየገፋ ወደ ደረጃው ነዳቸው።

መውረዱ ግን ወሬ ነበር፤ ቆሞ መሄድ አልቻለም። ከወንበሩ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተጋደመና እግሮቹን ወንበሩ ላይ ሰቀለ። መጀመሪያ የደረሰለት ማን መሰላችሁ? ጀሪካን ነው፣ ከማዶው ክሬን ወርዶ፣ ይሄኛውን መሰላል ወጥቶ። አንድ ነገር ሳይናገር የላይኛውን እግሮች አሻግሮ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ፌሮውን ባዶ መሬት ላይ አሳርፎ ዘንጉን ቆለፈ። ከዚያ ከቱታው ኪስ አንድ ባዶ ጠርሙስ አውጥቶ አጠገቡ አኖረለት። «ተገላገል፣ ሞኝ» ብሎ ፊቱን አዞረለት።

ላይኛው ተገላገለ። ከዚያ አለቀሰ።

ሬዲዮ ሁለተኛ ደረሰ፤ የክሬን መሰላል የሚፈራው ሬዲዮ፣ ከሦስተኛ መሰላል በላይ ወጥቶ የማያውቀው። ፊቱ አመድ መስሏል። የውሃ ኮዳ ይዟል። ለጀርባው ማስደገፊያ ሲፈልግ የብስኩት ቆርቆሮው በእጁ ገባ፤ ከፈተው። ነጭ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ እስከ አፉ ሞልቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒቴ ነው። እህትህ የምትሰጠኝ።»

ሬዲዮ ቆርቆሮውን ከደነው። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ውሃ እያስጎነጨው ተቀመጠ፤ አንዲት ቃል አልወጣውም። ኮፍያህስ በመገናኛው «ምን ሆኖ ነው?» ሲል ብቻ «ፀሐይ መትቶት ነው» አለው። ሲወርዱም ከሥሩ ሆኖ፣ የላይኛውን ጫማ በእጁ እየያዘ የመሰላሉ ደረጃ ላይ ያሳርፍለት ነበር።

«ለእህትህ እንዳትነግራት» አለው ላይኛው መሬት ሲደርሱ።

ሬዲዮ መሬት መሬቱን አየ። «አልነግራትም» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሟ መሣሪያውን ፈታች። ባለቤቱ «ደክሞሃል፣ ብቻህን አትሄድም» ብላ አብራው መጥታ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሐኪሟ ከሣጥኗ የወጣውን ረጅም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«የቀኑን አማካይ ብቻ ለሚያይ ሰው ጥሩ ነው» አለች። «ነገር ግን ማታውን በሙሉ መቶ ሰባ፣ መቶ ሰማንያ። ሌሊቱንም አልወረደም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ...» ጣቷ በመስመሩ ላይ ቁልቁል ወረደ። «አራት ሰዓት ተኩል፣ ሰባ ስምንት። ይሄ ያስፈራል። ተኝተው ነበር እንዴ?»

ተኝተው ነበር እንዴ! በሩን እሷው ከፈተችለት። «አዎ፣ ሸለብ አድርጎኝ ነበር» ቢላት አለቀ። መጠኑን ትንሽ ትቀንሳለች፣ ወረቀቱን ትፈርማለች፣ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ነው። ሬዲዮ አይናገርም፤ ቃል ገብቷል። ከራስ በላይ ነፋስ ይሉ የለ?

ከወረቀቱ ላይ ያቺን የተቆለመመች መስመር አየ። ከዚያ ባለቤቱን አየ። ሰባት ወር ሙሉ ክኒን የያዘችው መዳፏ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል።

«አልተኛሁም» አለ። «ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ መድኃኒቱን ወስጄ አላውቅም፣ ዶክተር። ዛሬ ብቻ ነው የወሰድኩት፤ የሁለት ቀን ባንዴ።»

«እኔ በእጄ...» አለች ባለቤቱ፤ አልጨረሰችውም።

«በእጅሽ ስትሰጪኝ እተፋው ነበር። ሽንት ያመጣብኛል ብዬ። የምቀመጠው ክሬን ላይ ነው፣ ዶክተር፤ ሽንቴ መጣ ብሎ መውረድ አሳፈረኝ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሽንት የማያመላልስ መድኃኒት ሞልቷል እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ያን ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ቀን እቀይርልዎ ነበር። ምናልባት አንዲት ክኒን ትበቃዎት ነበር። እኔ እኮ ሰባት ወር ሙሉ መጠን የጨመርኩት ክኒን ባልደረሰው ሆድ ላይ ነው።» ከዚያ ጣቷን መልሳ ሰባ ስምንቱ ላይ አሳረፈች። «በዚህ ሰዓት ምን እያደረጉ ነበር?»

«ሁለት ቶን ብረት ይዤ ነበር። ተደፋሁበትና አመለጠኝ። ሰዎች ላይ ሊወድቅ ትንሽ ቀረው።»

«እነማን ላይ?» አለች ባለቤቱ።

ላይኛው የእጅጌውን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ።

«እነማን ላይ ነው የምልህ!»

«ወንድምሽ ላይ።»

ሐኪሟ የሥራ ማረጋገጫውን ወረቀት ሳትፈርምበት መሳቢያ ውስጥ መለሰችው። እሱም ይፈርሙልኝ አላለም።

ባለቤቱ ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው ጠራ።

«ሄሎ፣ እትዬ፣ ምነው በሰላም?» አለ ሬዲዮ ከወዲያ ማዶ።

«በላህ?»

«በላሁ። ምነው ድምፅሽ? ጋሼ ደህና ነው?»

«አውራ» አለችው።

«ምን ላውራ?»

«የፈለግኸውን። ዝም ብቻ አትበልብኝ።»

እሱም ግራ እየገባው ማውራት ጀመረ፤ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ፎርማኑ፣ ስለጠፋበት ጓንት። እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጭና፣ እንባዋ በአገጯ እየወረደ ትሰማዋለች። ላይኛው እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋ።

«አሁን አትንካኝ» አለችው፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ።